ጋሽ ፓምፑና የሴት ኩላሊት

የሆስፒታሉ አሳንሰር ተበላሽቶ ነበርና በደረጃ መውጣት ግድ ሆነብኝ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው በሚዞርበት ቦታ፣ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጠው መንገዱን ዘግተዋል። ኮታቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ የግራ ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። «ያሳልፉኝ» ልል አፌን ስከፍት ቀና አሉ። ጋሽ ፓምፑ ናቸው።

በሰፈራችን በዚህ ስም የማያውቃቸው የለም፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ግን እኔም አላውቀውም። የውሃ መሳቢያው የተቃጠለበት፣ ታንከሩ አልሞላ ያለው፣ ቧንቧው አየር ብቻ የሚተፋበት ሰው ሁሉ የሚሮጠው እሳቸው ዘንድ ነበር። ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ለጥፈው እንደ ሐኪም ያዳምጡና «ይኼ ሆዱን ነው የታመመው» ይላሉ። ሲከፈት እንዳሉት ይሆናል። ያ ሰፊ ትከሻ አሁንም አለ፤ ፊታቸው ግን ገርጥቷል፣ ዐይናቸው ሥር አብጧል።

«ጋሼ! ምነው እዚህ ተቀመጡ?»

«ቲቸር፣ አንቺ ነሽ? ምን ላድርግ፤ የሰው ፓምፕ ስጠግን ኖሬ የራሴ ጣለኝ። ትንሽ አየር ልሳብ ብዬ ነው።»

«ለኩላሊት እጥበት መጥተው ነው?»

«እጥበቱማ ትናንት ነበር። ከዓመት በላይ ማሽን ላይ እየተሰካሁ እነሣለሁ። አስቢው እስቲ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ውሃ ሳጠጣ ኖሬ ዛሬ የራሴ ውሃ በብርጭቆ ተለክቶ ነው የሚሰጠኝ።» ፋሻውን በቀኝ እጃቸው ዳሰሱት። «አሁን ደግሞ የደም ሥሩ እምቢ አለ። አንዱን ወጉት ተዘጋ፣ ሌላውን ወጉት ተዘጋ። ከዚህ በኋላ የት እንደምንሰካዎት አናውቅም አሉኝ።»

«ታዲያ ንቅለ ተከላው?»

ጋሽ ፓምፑ ደረጃውን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ነውር እንደሚነግረኝ ሰው፣ «ኩላሊትስ ተገኝቷል» አሉ። «የሴት ነው እንጂ።»

ሳቄን ዋጥኩት። የሴት የተባለው የገዛ ልጃቸው ኩላሊት ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ሰፈሩ ረጅሟ የሚላት የስፖርት አስተማሪ፣ ልስጥ ብላ ተመርምራ፣ ተስማምቶላት፣ ቀዶ ሕክምናው ለሚመጣው ሳምንት ተቀጥሯል። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ለሐኪሙ ቁርጡን ሊናገሩ ነው የመጡት፤ አልቀበልም ሊሉ።

እኔ ለምን ወደዚያው የኩላሊት ክፍል እንደምወጣ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ሆድ ይፍጀው ማለት ለኔ ልማድ ሆኗል።

ይኼን ስንባባል ረጅሟ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ከታች ደረሰች።

«አባዬ! ወረቀቱን ማኅተም ላስመታ ዞር ባልኩበት ትጠፋለህ?»

«ደረጃ ላይ ሰው ይጠፋል እንዴ?»

«ተሸክሜ ላውጣህ?»

«ኧረ ባክሽ! ልጁ ተሸክማው ወጣች ተብሎ እንዲወራብኝ?»

«ኩላሊቷን ናቀ ተብሎ የሚወራብህስ?»

ጋሽ ፓምፑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጅቱ ወደኔ ዞራ «ቲቸር፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ተናግሬያለሁ። ለመጨረሻው የደም ምርመራ ላብራቶሪ ይጠብቁኛል» አለችና፣ አባቷን በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ አቁማ፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። እሳቸው ገና ልነሣ ብለው ሲያስቡ ቆመው ራሳቸውን አገኙት።

በትምህርት ዓለም ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ፤ ሰው ከማያውቀው ነገር ይልቅ በከፊል የሚያውቀው ነገር አብልጦ እንደሚጎዳው አይቻለሁ። ጋሽ ፓምፑም ባዶ ሰው አልነበሩም። ክርክራቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ክርክሩም ከሥራቸው የወጣ ነበር።

የሐኪሙ ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። ሐኪሙ ቀጭን፣ መነጽራም ወጣት ነው። ጋሽ ፓምፑ እስኪቀመጡ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ቲቸርም ትግባ» አሉ ጋሽ ፓምፑ፤ «ምስክር ይኑረኝ። ዶክተርዬ፣ አንደኛ ነገር ይኼ ቧንቧህ ያንጠባጥባል። ጎማው አልቋል።»

«አሳውቄ ነበር አባባ። እስካሁን የመጣ የለም።»

«ፓምፕ ሠሪው ታሞ ማን ይመጣል!»

«እንግዲያው ቶሎ እናድንዎታ። ለሚመጣው ሳምንት ተዘጋጅተዋል?»

«አልተዘጋጀሁም፣ አልዘጋጅምም። ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ወይ ወንዱ ልጄ ይስጠኝ፣ ወይ ይቅርብኝ።»

«ምክንያቱን ልወቅ?»

«ምክንያት ምን ያሻዋል? የሴት ነዋ!»

ወጣቱ አልሳቀም፤ ይኼን ወደድኩለት። የተማረ ሰው ባልተማረ ሰው ላይ የሚስቃት አጭር ሳቅ አለች፤ ብዙ መልካም ምክር በእሷ ተበላሽቶ ቀርቷል። ወንበሩን ወደ ሽማግሌው አስጠጋና «ያስረዱኝ» አለ።

«ላስረዳህ። አንተ የሰው ሐኪም ነህ፤ እኔ የፓምፕ ሰው ነኝ። ለቪላ የተሠራ ፓምፕ አለ፤ ለአራት ፎቅ የተሠራ አለ። የቪላውን ነቅለህ ሕንጻው ሥር ብትተክለው ለጊዜው ይሠራል። እያቃሰተ ይሠራል። ከዚያ ይግላል፤ ከዚያ ይቃጠላል። የሴት ኩላሊት የቪላ ነው። እኔን እየኝ እስቲ፤ እኔ ሕንጻ ነኝ።»

«ይገርምዎታል አባባ፤ ግማሹን በትክክል ነው የተናገሩት።»

ጋሽ ፓምፑ «አላልኩሽም?» በሚል ዐይን አዩኝ።

«አልደብቅዎትም» አለ ሐኪሙ። «ብዙ ሺህ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ያዩ ጥናቶች አሉ። ከነሱ አንዳንዶቹ፣ ሁሉም አይደሉም፣ ከሴት ለወንድ የተሰጠ ኩላሊት በአማካይ ከወንድ ለወንድ ከተሰጠው በመጠኑ ያነሰ ዕድሜ ይኖረዋል ይላሉ።»

«በቃ! አለቀ!»

«ይቆዩኝ። ነገሩ የሚለወጠው ለምን ብለን ስንጠይቅ ነው። ከምክንያቶቹ ትልቁ እርስዎ የነገሩኝ ነው፤ መጠን። ብዙ ጊዜ ሴት በአካል ከወንድ ታንሳለች፣ ኩላሊቷም ያንሳል። ትንሽ ኩላሊት ትልቅ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከአቅሙ በላይ ይደክማል። መጠኑን አስተካክለን ስናወዳድር ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል። እስቲ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ፓምፕ ሲመርጡ ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ጉልበቱን ነዋ። ስንት ሊትር ይገፋል፣ ስንት ፎቅ ያወጣል። ጎኑ ላይ ተጽፏል።»

«ቀለሙንስ?»

«የምን ቀለም?»

«ቀይ ከሆነ የቪላ፣ ሰማያዊ ከሆነ የሕንጻ ብለው አይፈርዱም?»

«ዶክተር፣ እብድ አደረግኸኝ? እርግጥ ነው የቪላዎቹ ብዙ ጊዜ ቀይ ናቸው። ግን ትልልቅም ቀይ አለ፣ ሚጢጢ ሰማያዊም አለ። ጎኑን ሳያነብ ቀለም አይቶ ፓምፕ የሚተክል መካኒክ እኮ...»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ሐኪሙ የኮምፒውተሩን ፊት ቀስ ብሎ ወደሳቸው አዞረላቸው። ሁለት ጥቁርና ነጭ ምስሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ሁለቱንም ልጆችዎን መርምረናል። ወንድ ልጅዎ ውጤቱን ለአባቴ አንተው ንገርልኝ ብሎኛል። የትኛው የማን ይመስልዎታል?»

ጋሽ ፓምፑ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። በዐይናቸው ለኩ፤ የለመዱት ሥራ ነውና ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ይኼ ትልቁ የወንዱ ነው» ብለው በጣታቸው መስተዋቱን ነኩ።

«የረጅሟ ነው።»

«አይደለም!»

«ስሟ ከላይ ተጽፏል። ልጅቱ እርስዎን ነው የወረሰችው፤ አጥንቷም፣ ቁመቷም፣ ኩላሊቷም። ልጁ የእናቱን ቅጥነት ነው የያዘው። ይኼ ጥፋት አይደለም። ግን ለርስዎ ሰውነት የእሱ ያንሳል፤ በዚያ ላይ ደም ግፊት ጀምሮታል። እሱ መስጠት የለበትም፤ ለራሱም አያዋጣውም። ስለዚህ በርስዎ ቋንቋ ልንገርዎትና፣ የሕንጻው ፓምፕ ያለው ልጅቱ ዘንድ ነው።»

ሽማግሌው ተመልሰው ተደገፉ። ክርክር የለመደ ሰው አንዱ በር ሲዘጋበት ሌላ ይፈልጋል። እሳቸውም ፈለጉ።

«ሁለት ወልዳለች። በሁለት እርግዝና የሠራ ፓምፕ እኮ አዲስ አይባልም።»

«እርግዝና የሚያሳስበን በሌላ በኩል ነው። ሴት ስታረግዝ የምትሸከመው ልጅ ግማሹ የባሏ ነው። ሰውነቷ አንዳንዴ ያንን እንግዳ ያውቀውና ያስታውሰዋል። በኋላ ታምማ ከባሏ ወይ ከልጇ ኩላሊት ብትቀበል፣ የሰውነቷ ዘበኛ ተነሥቶ ሊዋጋው ይችላል። ሳትወልድም ቢሆን የወንድ አካል የሴት ሰውነት የማያውቀው ምልክት አለው። ለዚህ ነው ከወንድ ለሴት ሲሆን ደማቸውን አገናኝተን ደጋግመን የምናየው፣ መድኃኒቱንም የምንጠነቀቅለት። ይኼ ሁሉ የምትቀበለዋ ሴት ስትሆን ነው። አሁን ተቀባዩ እርስዎ ነዎት። እርስዎ አርግዘው ያውቃሉ?»

«ወግድ አንተ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲያበቃ ግን «እንዲህ ከሆነ ለሴቷ ነው የሚከብደው» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

«በአንዳንድ ነገር አዎ። ግን ማወቃችን ለመከልከል አይደለም፣ ለመጠንቀቅ ነው። ጾታ ከምናያቸው ነገሮች አንዱ ነው እንጂ ዳኛው አይደለም። ዕድሜ አለ፣ የደም ዓይነት አለ፣ መጠን አለ፣ የሰጪው ጤና አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቀባዩ መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጡ አለ። እዚያ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ወንድም ሴትም።»

ጋሽ ፓምፑ እኔን በጎን አዩና ወደ ሐኪሙ ጎንበስ አሉ። ሹክሹክታቸው ከመደበኛ ድምፃቸው እምብዛም አያንስም። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቲቸር እንዳትሰማ። ድምፄ ይቀጥናል?»

«አይቀጥንም።»

«ጺሜስ?»

«ኩላሊት ደም ያጠራል፣ ሽንት ያወጣል። ወንድን ወንድ የሚያደርገው ነገር የሚመረተው ሌላ ቦታ ነው።»

«ቦታውን አውቀዋለሁ» አሉ ቆፍጠን ብለው።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። እኔ የቧንቧውን ጠብታ የማይ መሰልኩ።

«ጥሩ ትናገራለህ» አሉ ቀጥለው፤ «አንደበትህ ይባረክ። ግን የጥንት ሰው ዝም ብሎ አልተናገረም። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ይባላል። የሴት ነገር በወንድ ያልቃል እንጂ ወንድ በሴት አይቆምም። አንተ ገና ልጅ ነህ፤ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳይሆንብህ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በሴት ኩላሊት የቆመ ወንድ አሳየኝ፤ አምናለሁ።»

ሐኪሙ ወደኔ አየ። የሕመምተኛ ምሥጢር አያወጣም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ግን አየኝ። እኔም ለረጅም ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ለመናገር የመረጥኩት በገዛ ፈቃዴ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ዛሬ እዚህ ለምን የመጣሁ ይመስልዎታል?»

«እንጃ። አልጠየቅኩሽም፤ ባለጌ ነኝ።»

«በዓመት አንዴ ምርመራ አለኝ። ያለኝ ኩላሊት አንድ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ባለቤቴ ዘንድ ነበር።»

ጋሽ ፓምፑ ባለቤቴን ያውቁታል። የቤታችንን ታንከር ሲተክሉ መሰላሉን ይዞላቸው ውሏል። ቀብሩም ላይ ነበሩ።

«እሱ... በኩላሊት ነው እንዴ የሞተው?»

«በልቡ ነው። ኩላሊቷ እስከ መጨረሻው ቀን ትሠራ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት! በሰፈሩ ውስጥ እየተመላለሰ? ያ ሰውዬ? ከበር ላይ ሲጣራ እኮ ድምፁ እኔ ወርክሾፕ ድረስ ይሰማ ነበር!»

«ያንኮራፋም ነበር» አልኳቸው።

የቀረውን ለራሴ አስቀረሁት። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ጋሽ ፓምፑ ትልቁን እጃቸውን አንሥተው እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ደገፋ ላይ አሳረፉና አነሡት። ከዚያ ደግሞ በሌላ ድምፅ ጠየቁ፤ ቀልድ የሌለበት ድምፅ ነው።

«አንቺስ? ጎድሎብሽ የቀረ ነገር የለም?»

«ሲቆረጥ ያማል፤ ለጥቂት ሳምንት ዕቃ ማንሣት የለም። ከዚያ የቀረችው ኩላሊት ሥራውን ትለምደዋለች። ግፊቴን እጠብቃለሁ፣ በየዓመቱ እታያለሁ። ከዳንኩ በኋላ ክፍል ውስጥ ቆሜ ማስተማር ለአንድ ቀን አልተውኩም።»

ሐኪሙ ጨመረበት። «ምንም አደጋ የለውም አልልዎትም። ቀዶ ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጥቂት ሰዎች ላይ ችግር ያመጣል፣ ኋላም ክትትል ይፈልጋል። ይኼን ሁሉ ለልጅዎ ብቻዋን አስቀምጬ ነግሬያታለሁ። ማንም ሳይሰማት እምቢ ማለት እንደምትችልም ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለችህ?»

«ቀኑን ቁረጥልኝ አለችኝ።»

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። የተማረው ወጣት አስረድቷል፣ ልኬቱ ታይቷል፣ ምስክር ቀርቧል። ግን ጋሽ ፓምፑ አንገታቸውን ደፍተው ራሳቸውን ወዘወዙ።

«እሺ። ኩላሊቷ ይችላል። እኔ ነኝ የማልችለው።»

«ምኑን አባባ?»

«መቀበሉን!» ፋሻውን በጣታቸው መፈተል ጀመሩ። «ልጅ ሳለች ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያደገችው። ሞተር ከፍቼ እጄን ስዘረጋ፣ ስንት ቁጥር መፍቻ እንደምፈልግ ሳልናገር ታቀብለኝ ነበር። በድምፁ ታውቀዋለች፤ እንደኔ። ከፍ ስትል አባረርኳት። ከእናትሽ ጋር ዋይ፣ በግሪስ የተጨማለቀች ሴት ማን ያገባል አልኳት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ልግባ ብላ ስትለምነኝ፣ የሴት ክንድ ፓምፕ አያነሣም አልኳት። ወርክሾፑን ለወንዱ ሰጠሁ። እሱ ደግ ልጅ ነው፤ ግን መፍቻ ሲይዝ ማንኪያ የያዘ ነው የሚመስለው። አሁን፣ ክንድሽ አይችልም ባልኳት ልጅ ኩላሊት ልኑር? በየትኛው ዐይኔ ልያት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቪላው፣ ሕንጻው፣ ተረቱ፣ ጺሙ፣ ሁሉ መጋረጃ ኖሯል። የቆየ ልማድን አጥብቀን የምንከላከለው ሁልጊዜ ስለምናምንበት አይደለም። ብዙ ጊዜ፣ ትክክል አልነበረም ብንል በሱ የበደልነው ሰው ፊታችን ስለሚቆም ነው።

ጋሽ ፓምፑ የበደሉት ሰው በእርግጥም ቆሞ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ፣ ረጅሟ ክርኗ ላይ ጥጥ ይዛ ቆማለች። ስንት እንደሰማች አላውቅም። በቂ ሰምታለች።

«አባዬ፣ ይቅርታ ጠይቀኝ አልኩህ?»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው የማልፈልገውን አትስጠኝ። እኔ አሳፍርሃለሁ ብዬ አይደለም የምሰጥህ። ልጆቼ አያት እንዲኖራቸው ነው። አንተ ሳትኖር ወንድሜ ብቻውን ሆኖ ወርክሾፑን ከዘጋውም እኔ ነኝ የማለቅሰው።» ጥጡን ክርኗ ላይ ጫን አደረገችው። «የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የቆሸሸ ፓምፕ ከመንገድ ወድቆ ብታገኝ፣ ሳትከፍት ሳትለካ አይሠራም ብለህ ትጥለዋለህ?»

«አልጥልም።»

«እኔን ግን ሳትለካኝ ነው የፈረድክብኝ። ያኔም፣ አሁንም። አሁን እነሱ ለክተውኛል። የለኩትን እመንልኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም።»

ለመካኒክ ከዚህ የከበደ ወቀሳ የለም። ሌባ ቢሉት ይከራከራል፤ ሳይለኩ ፈረዱ ሲባሉ ግን ጋሽ ፓምፑ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ስንት ዘመን አብሯቸው የኖረን ዕቃ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ዛሬ ገና የሚያነቡ ይመስሉ ነበር።

«ሳልለካ» አሉ። «እውነት ነው፣ ሳልለካ።» ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «ዶክተርዬ፣ የት ነው የምፈርመው? ቶሎ በል፤ ይቺ ልጅ እንደ እናቷ ናት፣ ከተቆጣች አትበርድም።»

እኔ ተራዬ እስኪደርስ መጠበቂያው አዳራሽ ተቀመጥኩ። በረድፍ የተቀመጡትን ሕመምተኞች አየሁ። ከወንዶቹ አጠገብ ሚስት፣ እናት ወይም እኅት ተቀምጣለች፤ ከአንዳንዶቹ አጠገብ ያለችው ተመርምራ ቀን የምትጠብቅ ናት። ከሴቶቹ አጠገብ ያለው ወንበር ግን ባዶ የሆነው ይበዛ ነበር። ይኼ የኔ ዐይን ያየው የአንድ ጧት ነገር ብቻ አይደለም። በብዙ አገር በሕይወት ሳሉ ኩላሊት ከሚሰጡት ሴቶች ይበዛሉ፤ ከሚቀበሉት ደግሞ ወንዶች። ሴት ስትሰጥ ደካማ አትባልም፤ ወይም እንደ ጋሽ ፓምፑ ያለ ሰው ከገጠማት፣ ልትሰጥ ስትል ብቻ ደካማ ትባላለች። በሁለቱም መንገድ ማንም አልለካትም።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በቤታችሁ አንድ ሰው ቢታመም፣ ማን ይስጥ የሚለውን ከመመርመራችሁ በፊት በጾታ አትቁረጡት። ወንዱም ሴቷም ይመርመሩ። ሴት ስለሆነች ግዴታዋ ነው አይባል፤ ሴት ስለሆነች አትችልም አይባል። ልኬቱ ሲታይ የማይሆነው ሰው ሳይጎዳ ይተርፋል፤ የሚሆነው ደግሞ ሳይዘገይ ይሰጣል፤ ሕመምተኛውም የደም ሥሩ ሳያልቅ ከማሽን ይላቀቃል። የታመመችው ሴት ከሆነች፣ በተለይም ወልዳ ከሆነ፣ ለሷ የሚስማማ ሰጪ ማግኘት ሊከብድ ይችላልና ፍለጋውን ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ባልም ወንድምም ልጅም ይቅረብ። ጠንቅቆ የመረመረ ሐኪም መንገዱን ያውቀዋል። ይኼን ያደረገ ቤት አባት ያተርፋል፣ እናት ያተርፋል፤ ልጆቹም የሰውን አቅም ከመለካት በፊት መፍረድ ነውር መሆኑን ሳይነገራቸው ይማራሉ።

ቀዶ ሕክምናው በቀጠሮው ቀን ተደረገ። ጉብኝት በተፈቀደ ጊዜ የፊት መሸፈኛ አድርጌ ወደ ክፍላቸው ስገባ፣ ጋሽ ፓምፑ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። የዐይናቸው ሥር እብጠት ጠፍቷል። ገና በሩን ሳልዘጋ በዚያ ሞተር በሚሸፍን ድምፃቸው ጮኹ።

«ቲቸር! ሸናሁ!»

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ።»

«እንደ ጎርፍ! ሐኪሞቹ ከረጢት እየለወጡ ደከሙ። እንዲህ ያለ ግፊት በሕይወቴ አላየሁም። ገና ሲሰፋልኝ ነው ሞተሩ የተነሣው አሉ፣ ሳያቃስት!»

ነርሷ «አባባ፣ ሰው ተኝቷል» አለቻቸው። እሳቸው ግን ዐይናቸው ከኔ አልፎ በሩ ላይ ነበር። ረጅሟ የሆስፒታል ጋውን ለብሳ፣ ጎኗን በመዳፏ ደግፋ፣ እንደ አሮጊት በትንንሽ እርምጃ ገባች። ደረጃ ሁለት ሁለት የምትዘለው ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ለመቀመጥ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። አባቷ እስክትቀመጥ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

«ያምሻል?»

«ስስቅ ብቻ።»

«እንግዲያው አላስቅሽም። ቁም ነገር ነው የምነግርሽ። ወንድምሽን አስጠርቼው ነበር። ከተሻለሽ በኋላ፣ ከፈለግሽ ብቻ፣ ትምህርት ቤት በማትውይበት ጊዜ ወርክሾፕ ትመጫለሽ። ሞተሩን አንቺ ትከፍቻለሽ፤ እሱ ደንበኛ ያነጋግራል፣ ምላሱ ጥሩ ነው። ገቢው እኩል ነው። እሱም በደስታ ተስማምቷል፤ እንዲያውም መፍቻውን የሚረከበው ሰው መጣ ብሎ እግዜርን አመሰገነ።»

ልጅቱ ዐይኖቿ ሞሉ፤ ግን የአባቷ ልጅ ናትና በነገር አመለጠች።

«ኩላሊቴን ሰጥቼህ ገና ሳላርፍ ሥራ ታዘኛለህ?»

«እኔ ምን አደረግኩ! ያንቺው ኩላሊት ናት። ከገባች ጀምሮ እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ አድርግ እያለች አላስተኛ አለችኝ!»

ረጅሟ ፈነዳች። ሳቋ ወዲያው ወደ ማቃሰት ተለወጠና ጎኗን በሁለት እጇ ያዘች። «አባዬ ተው! ስፌቴ!»

«እኔስ ስፌት የለኝም?» አሉ፤ እሳቸውም ሆዳቸውን በመዳፋቸው ጭነው እየሳቁ። አንዱ ሌላውን ዝም በል እያለ፣ ማንኛቸውም ማቆም ሳይችሉ ቀርተው ነርሷ ሮጣ መጣች። እኔ መንገዱን ለቅቄላት በሩን ቀስ ብዬ ከኋላዬ ዘጋሁ።